ኤሮስ፦ ከፕሎቲኖስ እስከ ፕሮክሎስ

ኤሮስ በግሪክኛ ናፍቆት ያለበት ብርቱ ፍቅር ነው። የግዕዝ መጻሕፍት አፍላጦን የሚሉት ፕላቶ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን «ሲምፖዚየም» እና «ፋይድሮስ» በተባሉት ሥራዎቹ ስለ ኤሮስ ጽፏል። ከ600 ዓመት በላይ ቆይተው የተነሡ ፈላስፎች እነዚያን ገጾች ቃል በቃል እየፈቱ አነበቧቸው። እነሱ የአባታቸውን የፕላቶን ቃል የሚያብራሩ ይመስላቸው ነበር። ያወጡት ትርጉም ግን ብዙው አዲስ ነው።

ቀዳሚው ፕሎቲኖስ ነው (እ.ኤ.አ. በ270 የሞተ)። ተማሪው ፖርፊሪዮስ እንደጻፈው ስለ ትውልድ አገሩ ማውራት አይወድም ነበር። በኋላ የመጣ ጸሐፊ የግብፅ ሊቆጶሊስ ሰው ነው ይላል። ያም ሆነ ይህ እስክንድርያ ላይ ከፈላስፋው አሞኒዮስ ዘንድ 11 ዓመት ተምሯል፤ የአባይን ውሃ የጠጣ ሊቅ ነው። ሮም ገብቶ ማስተማር ሲጀምር 40 ዓመቱ ነበር።

አንድ ቀን ዲዮፋኔስ የሚባል ተናጋሪ በጉባኤው ፊት ጽሑፍ አነበበ። በ«ሲምፖዚየም» ላለው የሶቅራጥስ ተከታይ አልኪቢያዴስ ጥብቅና ቆሞ፣ በጎነትን መማር የፈለገ ተማሪ መምህሩ ገላውን ቢሻ እምቢ አይበል አለ። ፕሎቲኖስ ጥሎ ሊወጣ ብድግ ይላል፤ ራሱን ገትቶ ይቀመጣል። እንዲህ ደጋገመው። ጉባኤው ሲበተን ፖርፊሪዮስን መልስ ጻፍ አለው። ዲዮፋኔስ ጽሑፌን አላውስም አለ። ፖርፊሪዮስም የሰማውን እያስታወሰ መልሱን ጽፎ በዚያው ጉባኤ አነበበ። መምህሩ በደስታ «እንዲህ ምታ፣ ለሰዎችም ብርሃን ሁን» የሚለውን የሆሜር ስንኝ ደጋግሞ አለ።

ፕሎቲኖስ ስለ ፍቅር ለብቻው የጻፈው በመጨረሻ ዓመታቱ ነው። በፕላቶ ተረት የውበት አምላክ አፍሮዲቴ በተወለደች ቀን ፖሮስ፣ ማለትም ሀብትና ብልሃት፣ በአማልክት መጠጥ በኔክታር ሰክሮ በአማልክቱ ንጉሥ በዜውስ አትክልት ስፍራ ተኛ። ልመና የመጣችው ድህነት፣ ፔኒያ፣ አጠገቡ ተጋደመች። ኤሮስ ተፀነሰ። ለፕሎቲኖስ ይህ ሰሙ ነው። ወርቁ ሌላ ነው፦ ዜውስ አእምሮ ነው፣ ፖሮስ ከአእምሮ የፈሰሰ ቃል፣ ፔኒያ ደግሞ ገና መልክ ያልያዘ ጉድለት። ኤሮስ ከሁለቱም ስለተወለደ መልካሙን ያውቀዋል፤ ግን አይጠግብም። ተረት አንድ ላይ ያለውን ነገር በጊዜ ከፋፍሎ ያወራል፤ አንባቢው መልሶ ያገጣጥመው ይላል። ኤሮስ ይህ ዓለም ራሱ ነው የሚል አተረጓጎምም ነበር፤ አልተቀበለውም።

ከፖርፊሪዮስ በኋላ የተነሣው ፈላስፋ ያምብሊኮስ ሁለቱን የፕላቶ ሥራዎች በትምህርት ቤቱ ሥርዓት ውስጥ አስገባ። የፈላስፋው የሄርሚያስ የ«ፋይድሮስ» ማብራሪያም እስከ ዛሬ አለ።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው የአቴናው ፕሮክሎስ ነው (እ.ኤ.አ. 412–485)። በ«ሲምፖዚየም» የሚወድ ሰው የጎደለው ነው። በፕሮክሎስ ዘንድ ግን ፍቅር ከላይ ወደ ታችም ይወርዳል። ሶቅራጥስ አልኪቢያዴስን የሚወደው ጎድሎት አይደለም፤ ሊያሳድገው ነው። ይህ በጣም የሚያምር ንባብ ነው።

በሐዋርያው ጳውሎስ ደቀ መዝሙር በዲዮናስዮስ ስም የጻፈው ክርስቲያን ከፕሮክሎስ መቅዳቱን አብዛኞቹ ሊቃውንት ይቀበላሉ። እሱ ኤሮስን ለእግዚአብሔር ሰጠው፤ ከፍቅሩ ብዛት ከራሱ ወጥቶ ወደ ፍጥረቱ ይመጣል አለ። ቃሉ ለቤተ ክርስቲያን አይገባም ለሚሉትም ምስክር ጠራ። ቅዱስ አግናጥዮስ ወደ ሮም በላከው መልእክት «ኤሮሴ ተሰቅሏል» ብሏልና።