የፍለጋ ሰርቨር ክላይንት ላይብረሪ አመራረጥ

ክላይንት ላይብረሪ መተግበሪያን ከፍለጋ ሰርቨር ጋር የሚያገናኝ የኮድ ጥቅል ነው። የመተግበሪያውን ጥያቄ ሰርቨሩ በሚያውቀው መልክ ያዘጋጃል፣ በኔትወርክ ይልካል፣ መልሱንም ተቀብሎ ፕሮግራመሩ በሚጽፍበት ቋንቋ ያቀርባል። በሰፊው የሚሠራባቸው ሶለር፣ ኢላስቲክሰርችና ኦፕንሰርች ሦስቱም የቆሙት ዳግ ካቲንግ እ.ኤ.አ. በ1999 በጀመረው ሉሲን በተባለ የጃቫ ላይብረሪ ላይ ነው። ሉሲንን በቀጥታ መጠቀም የሚቻለው ከጃቫ ፕሮግራም ውስጥ በመሆኑ፣ ሰርቨሮቹ የኤችቲቲፒ በር ከፍተውለት በፓይተን፣ በፒኤችፒ፣ በሩቢ ወይም በሌላ ቋንቋ የተጻፈ መተግበሪያ ሁሉ እንዲጠይቀው አደረጉ።

በሩ ኤችቲቲፒ መሆኑ ለምርጫው ትልቅ ትርጉም አለው። አንድ የፍለጋ ጥያቄ ከርል በተባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ሊላክ ይችላል፤ ላይብረሪ የሚያስፈልገው ጥያቄውን ለመጻፍ አይደለም ማለት ነው። የሚያስፈልገው ግንኙነቶችን ከፍቶ ለመያዝ፣ አንዱ ኖድ (በጋራ ከሚሠሩት ሰርቨሮች አንዱ) ሲወድቅ ወደ ሌላው ለመዞር፣ ምን በድጋሚ መላክ እንዳለበትና እንደሌለበት ለመለየት፣ ስህተትንም በስሙ ለመጥራት ነው። ብዙ ሰው ግን የሚመርጠው በላይብረሪው መግቢያ ገጽ ላይ ያለችውን ባለአምስት መስመር ምሳሌ አይቶ ነው። ምሳሌዋ የምትሠራው ሰርቨሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ነው፤ ላይብረሪዎች የሚለያዩት ሰርቨሩ ሲታመም ነው።

ሶለርና ላይብረሪዎቹ

ሶለርን ዮኒክ ሲሊ በ2004 ሲኔት በተባለ ኩባንያ ውስጥ ሠራው፤ በ2006 ለአፓቺ ፋውንዴሽን ተሰጠ። ካልተቀየረ በቀር በፖርት 8983 ይገኛል። ለጃቫ የሚሆነው ሶለርጄ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ የሚወጣ ሲሆን፣ ለፓይተን ፓይሶለር፣ ለፒኤችፒ ሶላሪየም፣ ለሩቢ አርሶለር፣ ለዶትኔት ሶለርኔት ከሰርቨሩ ፕሮጀክት ውጭ በበጎ ፈቃደኞች የሚጠበቁ ናቸው።

ሶለር በክላስተር፣ ማለትም በብዙ ኖዶች ተከፋፍሎ፣ ሲሠራ ልዩነታቸው ይጎላል። ሶለርጄ የትኛው ሻርድ (የሰነዶቹ ስብስብ አንድ ክፍል) የትኛው ኖድ ላይ እንዳለ የክላስተሩን መረጃ ከሚይዘው ከዙኪፐር ያነባል፤ አዲስ ሰነድንም በቀጥታ ለሻርዱ መሪ ይልካል። ፓይሶለርም ካዙ የተባለው ጥቅል ሲጨመርለት ዙኪፐርን ማንበብ ይችላል። የአንድ ኖድ አድራሻ ብቻ የሚያውቅ ላይብረሪም ይሠራል፤ ሰነዱ የማይመለከተው ኖድ ጋ ቢደርስ ኖዱ ራሱ ያስተላልፈዋልና። ነገር ግን ያ አንድ ኖድ የወደቀ ዕለት ክላስተሩ በሙሉ ጤንነት እየሠራ መተግበሪያው ፍለጋ ያጣል። እንዲህ ባለ ላይብረሪ የሚጠቀም ሰው ከፊት ለፊት ጥያቄዎችን ለኖዶቹ የሚያከፋፍል ሎድ ባላንሰር ማስቀመጥ ግዴታው ነው።

ሶለርጄ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገረው ጃቫቢን በተባለ ባይነሪ ቅርጸት ነው። በቆዩ ቨርዥኖች «የተጠበቀው 2፣ የመጣው 60፤ ወይም መረጃው ጃቫቢን አይደለም» የሚል ስህተት በተደጋጋሚ ያጋጥማል። ይህን ያየ ሰው ወዲያው የሶለርና የሶለርጄን ቨርዥን መቀያየር ይጀምራል። 60 ግን የቨርዥን ቁጥር አይደለም፤ በአስኪ ሠንጠረዥ የ«ያንሳል» ምልክት ኮድ ነው፣ ማለትም ማንኛውም የኤችቲኤምኤል ገጽ የሚጀምርበት ምልክት። ሰርቨሩ የላከው የፍለጋ ውጤት ሳይሆን የስህተት ገጽ ነበር። መንስኤውም ባመዛኙ አድራሻው ላይ የኮሩ (ሶለር ውስጥ ያለው የሰነድ ስብስብ) ስም መቅረቱ ወይም መሐል ያለ ፕሮክሲ የራሱን ገጽ መመለሱ ነው። አዳዲሶቹ ቨርዥኖች «ኤችቲኤምኤል ደረሰኝ» ብለው በግልጽ ይናገራሉ። ላይብረሪ ስህተትን እንዴት እንደሚገልጽ ሲመዘን መታየት ያለበት ይህን የመሰለው ነገር ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ያስቀራልና።

ኢላስቲክሰርች፣ ኦፕንሰርችና የቨርዥን ጉዳይ

ኢላስቲክሰርች በ2010 ወጣ። በ2021 ፈቃዱ ሲቀየር አማዞን የቨርዥን 7.10.2ን ኮድ መነሻ አድርጎ ኦፕንሰርችን አወጣ። ሁለቱም በፖርት 9200 ይገኛሉ፣ መጠይቆቻቸውም በብዛት ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ አንዱን ላይብረሪ ለሁለቱም መጠቀም የሚቻል ይመስላል። አይቻልም። ከ7.14 ጀምሮ የኢላስቲክሰርች ላይብረሪዎች ሰርቨሩ በእርግጥ ኢላስቲክሰርች መሆኑን ያጣራሉ፤ ካልሆነ ይህን ምርት አላውቀውም ብለው ሥራ ያቆማሉ። ኮዱ ሳይነካ የላይብረሪው ቨርዥን በራሱ ከፍ ብሎ አንድ ቀን ፍለጋው ቀጥ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ለኦፕንሰርች የኦፕንሰርችን ላይብረሪ መውሰድ፣ የላይብረሪውንም ቨርዥን በጥገኞች ፋይል (መተግበሪያው የሚጠቀምባቸው ጥቅሎች ዝርዝር) ላይ በቁጥር መቆለፍ ያስፈልጋል።

የኢላስቲክሰርች ደንብ ግልጽ ነው፦ የላይብረሪውና የሰርቨሩ ዋና ቁጥር አንድ ይሁን፣ የሰርቨሩ ንዑስ ቁጥር ከላይብረሪው አይነስ። ስለዚህ ማሻሻያ ሲደረግ ሰርቨሩ ይቀድማል፣ ላይብረሪው ይከተላል። ደንቡ ሲጣስ ሁልጊዜ ስህተት አይታይም፣ አደጋውም ያ ነው። ለምሳሌ የተገኙት ሰነዶች ብዛት እስከ 6 ድረስ ተራ ቁጥር ነበር፤ ከ7.0 ጀምሮ ቁጥሩንና ትክክለኛነቱን የሚነግር ሌላ መስክ የያዘ ኦብጀክት ሆነ፣ ቁጥሩም ሙሉ ቆጠራ ካልተጠየቀ 10,000 ላይ ይቆማል። ይህን ያላወቀ መተግበሪያ ሁለት ሚሊዮን ሰነድ እያለ ለተጠቃሚው «10,000 ውጤት ተገኘ» ይለዋል።

የጃቫ ተጠቃሚዎች ደግሞ ይበልጥ ተቸግረዋል። በፖርት 9300 በኩል ይገናኝ የነበረው ትራንስፖርት ክላይንት በ8.0 ተወገደ፤ ተተኪ የነበረው ሃይ ሌቭል ሬስት ክላይንትም በ7.15 «ከእንግዲህ አትጠቀሙበት» ተባለ፤ አሁን ያለው ጃቫ ኤፒአይ ክላይንት ሦስተኛው ነው። የላይብረሪው ስሞችና ክላሶች በመተግበሪያው ኮድ ሁሉ ተበትነው የነበሩበት ቡድን ሁለት ጊዜ ኮዱን እንደገና ጽፏል። የፍለጋ ጥሪዎችን በአንድ ሞጁል ውስጥ ሰብስቦ፣ የቀረው ኮድ ላይብረሪውን እንዳያውቀው ያደረገ ቡድን ግን የቀየረው ያንን አንድ ሞጁል ነው።

ግንኙነትን መያዝ

ላይብረሪው የግንኙነት ፑል (ተከፍተው ተደጋግመው የሚያገለግሉ ግንኙነቶች ስብስብ) ሊኖረው፣ አንድ የክላይንት ኦብጀክትም በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን በሚሠሩ ብዙ ትሬዶች ሊጋራ ይገባል። ከዚያ በኋላ ኦብጀክቱ በአንድ ፕሮሰስ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጠራል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ መፍጠር በብዛት የሚታይ ጥፋት ነው፤ ውጤቱም በስሌት ይታያል። ሊኑክስ ለወጪ ግንኙነት ካልተቀየረ በቀር ከ32768 እስከ 60999 ያሉትን፣ ወደ 28,000 የሚጠጉ ፖርቶች ይጠቀማል፤ የተዘጋ ግንኙነት ፖርቱን ለ60 ሰከንድ ያህል ይዞ ይቆያል። ወደ አንድ የሰርቨር አድራሻ በሰከንድ ከ470 በላይ ግንኙነት የሚከፍትና የሚዘጋ ማሽን በደቂቃ ውስጥ ፖርት ይጨርሳል። ሰርቨሩ ጋ ሲታይ ምንም ጫና የለም፤ መተግበሪያው ግን መገናኘት አልቻልኩም ይላል። ፕሮሰሱ በፎርክ የሚባዛ ከሆነ ክላይንቱ የሚፈጠረው ከፎርክ በኋላ ነው፤ ያለዚያ ሁለት ፕሮሰሶች በአንድ ሶኬት ላይ ይጽፋሉ፣ የአንዱ መልስ ለሌላው ይደርሳል።

ታይምአውት፣ የመጠበቂያ ጊዜ ገደብ፣ ሁለት ነው፦ ለመገናኘትና መልስ ለመጠበቅ። ለየብቻ የማያስቀምጥ ላይብረሪ ይቅርብን ማለት ተገቢ ነው። የኢላስቲክሰርች የፓይተን ላይብረሪ ካልተነገረው 10 ሰከንድ ይጠብቃል፣ የጃቫስክሪፕቱ ደግሞ እስከ ቨርዥን 8 ድረስ 30 ሰከንድ ይጠብቅ ነበር። ለፍለጋ ሳጥን ሁለቱም ረጅም ናቸው፣ ብዙ ሰነድ ለመጻፍ ደግሞ አጭር ሊሆኑ ይችላሉ። ሎድ ባላንሰር ካለ ፑሉ ሥራ ፈት ግንኙነትን የሚይዝበት ጊዜ ከሎድ ባላንሰሩ ማነስ አለበት። ባላንሰሩ በ60 ሰከንድ የሚዘጋ ከሆነ ፑሉን 50 ላይ ማድረግ ነው፤ አለዚያ ከጸጥታ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ጥያቄ ይከሽፋል።

የክላስተሩን ኖዶች ራሱ ፈልጎ የማግኘት ባሕርይ፣ ስኒፊንግ የሚባለው፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ኮንቴይነር ውስጥ ግን ያስቸግራል። ኖዶቹ የሚናገሩት የውስጥ አድራሻቸውን ነው፤ ውጭ ያለው መተግበሪያ ያ አድራሻ አይደርሰውም። የመጀመሪያው ጥያቄ ተሳክቶ ቀጣዮቹ ሁሉ በታይምአውት ከወደቁ መጀመሪያ መዘጋት ያለበት ስኒፊንግ ነው።

ሰነድ መጻፍ

ሰነዶች አንድ በአንድ ሳይሆን በጅምላ ይላካሉ። ከ5 እስከ 15 ሜጋባይት የሆነ ጥቅል ጥሩ መነሻ ነው፤ ኢላስቲክሰርች ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነውን ካልተፈቀደለት አይቀበልም። ጥንቃቄ የሚሻው መልሱ ነው። ከ1,000 ሰነድ 40ው ቢወድቅም የኤችቲቲፒው መልስ 200፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ነው፤ መውደቃቸው የሚታወቀው በመልሱ ውስጥ ያለው የስህተት ምልክት «እውነት» ሲሆንና እያንዳንዱ መስመር ሲነበብ ነው። የፓይተኑ የጅምላ ረዳት ይህን ራሱ አይቶ ስህተት ያነሣል፤ ጥሬ መልሱን ብቻ የሚመልስ ላይብረሪ ሥራውን ለፕሮግራመሩ ይተወዋል። ሰነድ በጸጥታ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ድጋሚ መላክም እንደዚሁ ነው። 429 የሚለው የኤችቲቲፒ መልስ ሰርቨሩ ወረፋው ሞልቷል ማለት ስለሆነ ቆይታውን እያረዘሙ መሞከር ይገባል። ታይምአውት ግን ሰነዱ አልተጻፈም ማለት አይደለም። መለያ ቁጥሩን ሰርቨሩ እንዲሰጥ ከተተወ ድጋሚ የተላከው ሰነድ ሁለት ሆኖ ይቀመጣል፤ መለያውን መተግበሪያው ከሰጠ ግን ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ይጻፋል። መለያ ሁልጊዜ ከዳታቤዙ ይምጣ።

ሶለር ላይ ደግሞ ኮሚት፣ ማለትም የተላኩ ሰነዶችን ለፍለጋ ክፍት የሚያደርግ ትእዛዝ፣ አለ። የቆዩ የፓይሶለር ቨርዥኖች በእያንዳንዱ ጭመራ ኮሚት ያደርጉ ነበር። እያንዳንዱ ኮሚት አዲስ ሰርቸር (ፍለጋውን የሚያካሂድ የሰርቨሩ ክፍል) ያስከፍታል፣ ካሹን ከአዲስ ያስሞላል፤ ሎጉ ስለተደራረቡ ሰርቸሮች ማማረር ይጀምራል፣ ፍለጋውም ይንቀራፈፋል። ኮሚትን ለሰርቨሩ ቅንብር መተው ወይም «በ10,000 ሚሊሰከንድ ውስጥ» የሚል ገደብ አብሮ መላክ ይሻላል። ኢላስቲክሰርች ላይ ተመሳሳዩ ጥፋት ከእያንዳንዱ ሰነድ መጻፍ በኋላ ሪፍሬሽ ማስገደድ ነው።

መጠይቅና የቋንቋ ጠባይ

ከተጠቃሚ የመጣ ጽሑፍ ውስጥ ቅንፍ፣ ሁለት ነጥብ፣ ኮከብ ወይም የጥያቄ ምልክት ካለ ሶለር የትእዛዝ አካል አድርጎ ያነበዋል። ላይብረሪው እነዚህን የሚያመክን ፈንክሽን ሊኖረው ይገባል፤ ሶለርጄና ሶላሪየም አላቸው። ርዝመትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሶለር የሚሠራበት ጄቲ የተባለ የዌብ ሰርቨር የጥያቄ ሄደርን (አድራሻውን ጨምሮ) 8,192 ባይት ላይ ይገድባል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት፣ አድራሻ ላይ ሲጻፍ ደግሞ ዘጠኝ ምልክት ስለሚፈጅ ከ900 ፊደል ባነሰ ጽሑፍ ገደቡ ይነካል። መፍትሔው ጥያቄውን አድራሻ ላይ በሚጽፈው በጌት ፈንታ በመልእክቱ አካል ውስጥ በሚያኖረው በፖስት መላክ ነው፤ ሶላሪየም ለዚህ ፖስት ቢግ ሪኩዌስት የሚባል ተጨማሪ አለው።

በጃቫስክሪፕት ከ9,007,199,254,740,992 በላይ የሆነ ሙሉ ቁጥር መጨረሻው ሊዛባ ይችላል። ረጅም መለያ ቁጥር ያለው ኢንዴክስ መለያውን በጽሑፍ መልክ ቢያስቀምጥ ከዚህ ይድናል።

ከመወሰን በፊት የሚደረግ ሙከራ

ከማኅበረሰብ ላይብረሪዎች መካከል ሲመረጥ የሚታየው የመጨረሻው ልቀት ቀን፣ ይደገፋሉ የተባሉት የሰርቨር ቨርዥኖችና መልስ ያላገኙ የስህተት ሪፖርቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሙከራ ይበቃል። በምርት ላይ ካለው ጋር አንድ ቨርዥን የሆነ ሰርቨር በዶከር ይነሣል፣ ቲኤልኤስና የይለፍ ቃል ይከፈትበታል። 10,000 ሰነድ በጅምላ ይላካል፤ ከመሐላቸው አንዱ የቀን መስኩ ላይ ተራ ቃል ይጻፍበታል፣ ላይብረሪው የትኛው ሰነድ እንደወደቀ በመለያው ይናገር እንደሆነ ይታያል። ከዚያ መላኩ ሳያልቅ ሰርቨሩ ይገደላል፣ ከ20 ሰከንድ በኋላ ይነሣል፤ መጨረሻ ላይ የሰነዶቹ ቁጥር ይቆጠራል። የተበላሸው አንዱ ሲቀነስ 9,999 መሆን አለበት። ካነሰ ላይብረሪው ሳይናገር ጥሏል፣ ከበለጠ መለያ ሳይሰጥ ደግሞ ልኳል። በስተመጨረሻ የማሽኑ ክፍት ሶኬቶች ይቆጠራሉ፤ ከፑሉ መጠን ከበለጡ ላይብረሪው ወይም አጠቃቀሙ ግንኙነት ያፈስሳል።