ጤና መድን የማይከፍልለት የካንሰር መድኃኒት፦ «ተጨማሪ ሽፋን» ምንድን ነው?

ከደባርቅ ወይም ከጭልጋ በሪፈር ጎንደር የደረሰች ታካሚ የጤና መድን መታወቂያዋን ይዛ ፋርማሲ መስኮት ላይ ስትደርስ «ይሄኛው የለም» ልትባል ትችላለች። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ለጊዜው አልቋል፣ ወይም ሆስፒታሉ ከሚገዛቸው ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ወይም ጭራሹን አገር ውስጥ አልተመዘገበም። መድን ይከፍላል ወይስ አይከፍልም የሚለው የሚታወቀው የትኛው «የለም» እንደሆነ ከተለየ በኋላ ነው።

«ተጨማሪ ሽፋን» የሚባለው የመንግሥት የጤና ሥርዓት የማይከፍልለትን መድኃኒት ወጪ የሚችል የግል መድን ነው። ጎልቶ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ኒውዚላንድ ናት። እዚያ መድኃኒት እንዲሸጥ የሚፈቅደው ሜድሴፍ ሲሆን መንግሥት ይክፈልበት አይክፈልበት የሚለውን የሚወስነው ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፋርማክ ነው። የተፈቀደ ነገር ግን ገንዘብ ያልተመደበለት መድኃኒት በመሃል ይቀራል፤ የግል መድን ድርጅቶች ለዚያ ክፍተት ነው ሽፋን የሚሸጡት። እኛም ዘንድ ቢሆን የሚመዘግበውና የሚከፍለው አንድ አካል አይደለም። ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዘገበው ማለት መድን ይከፍልበታል ማለት አይደለም።

አብዛኛው የጎንደርና የአካባቢው ሰው የያዘው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት። አባልነቱ የቤተሰብ ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የድሃ ድሃ ተብለው ለተለዩት መዋጮውን መንግሥት ይከፍላል። የሚሠራው ውል ባለው ተቋም፣ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ለመጣ ሰው ነው። እድሳቱ ያለፈበት ወይም ሪፈር ያልያዘ ሰው ሽፋኑን በሙሉ ወይም በከፊል ሊያጣ ይችላል፤ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ደግሞ ወራት ስለሚወስድ እድሳቱ መሃል ላይ ሊገጥም ይችላል። የሪፈሩንና የመታወቂያውን ቀን ቀድሞ ማየት ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙ ያድናል።

የመጀመሪያው «የለም» ማለትም ለጊዜው ያለቀ መድኃኒት ከሆነ፣ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ቀን፣ ፊርማና ማህተም እንዲያርፍበት መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያ የሆስፒታሉን የመድን ክፍል ከየትኛው ውል ያለው መድኃኒት ቤት መውሰድ እንደሚቻል መጠየቅ ነው። ሳይጠይቁ ከግል ፋርማሲ ገዝቶ ደረሰኝ ይዞ መመለስ ገንዘቡን ሊያስቀር ይችላል።

ሁለተኛው «የለም»፣ ማለትም ሆስፒታሉ ከሚገዛቸው ዝርዝር ውስጥ የሌለው፣ ከባዱ ነው። ለምሳሌ ለጡት ካንሰር የሚሰጠውን ትራስቱዙማብን እንውሰድ። ከጡት ካንሰር ታካሚዎች ከአምስቱ አንድ ያህሉ ዕጢያቸው ሄር-2 የተባለውን ፕሮቲን በብዛት ያመርታል፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ለእነሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። የሄር-2 ምርመራው ውጤት 3+ ከሆነ ፖዘቲቭ ነው፤ 2+ ከሆነ ሌላ ማረጋገጫ ምርመራ ይጠይቃል። ይህ ወረቀት ከሌለ የትኛውም መድን ሰጪ ጥያቄውን አያየውም።

ወጪውን በወር ሳይሆን በብልቃጥ ማስላት ይሻላል። በየ3 ሳምንቱ የሚሰጠው የመጀመሪያው መጠን በኪሎ 8 ሚሊግራም፣ ቀጣዮቹ 6 ሚሊግራም ናቸው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት መጀመሪያ 480፣ ከዚያ በየዙሩ 360 ሚሊግራም ትወስዳለች፤ በ18 ዙር 6,600 ሚሊግራም ይሆናል። ለብዙ ጊዜ መቅጃ የተዘጋጀው ባለ 440 ብልቃጥ አብሮት በሚመጣው ማቆያ ባለው ውሃ ከተበጠበጠ ማቀዝቀዣ ውስጥ 28 ቀን ስለሚቆይ ትርፉ ለቀጣዩ ዙር ይውላል፤ 28 ቀን ያለፈው ትንሽ ትርፍ ስለሚደፋ በስሌት 16 ብልቃጥ ይበቃል። በባለ 150 ከሆነ ግን መጀመሪያ 4፣ ከዚያ በየዙሩ 3 ይከፈታል፤ ድምሩ 55 ብልቃጥ፣ 8,250 ሚሊግራም። 1,650 ሚሊግራም ተከፍሎበት ይደፋል። ማዘዣው ላይ የብልቃጡ መጠን እንዲጻፍ ፋርማሲስቱን ማማከር ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በተለመደው አሰጣጥ መጀመሪያ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ በየ21 ቀኑ 4 ዙር ይሰጣል፤ ሁለቱም አንጋፋ መድኃኒቶች ናቸው። ትራስቱዙማብና ዶክሶሩቢሲን ሁለቱም ልብን ስለሚጎዱ አብረው አይሰጡም፣ ትራስቱዙማቡ ከእነሱ ቀጥሎ ፓክሊታክሰል ከተባለው ኬሞ ጋር ይጀመራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ኬሞ ቀን ጀምሮ ትራስቱዙማቡ እስኪጀመር 12 ሳምንት ያህል አለ። መድኑን ለማነጋገር፣ መሥሪያ ቤትን ለመጠየቅ፣ ደንቡ ለሕመም ብድር የሚፈቅድ እድር ካለም ለማመልከት ይበቃል። ገንዘቡ እስኪሞላ ብሎ የመጀመሪያውን ኬሞ ማዘግየት ግን ትልቅ ጥፋት ነው።

የግል ሕክምና መድን በአብዛኛው በአሠሪ በኩል በቡድን የሚገዛ ነው። ውሉ ላይ ሦስት ቦታ ይታይ። አንደኛ፣ ዓመታዊው ጣሪያ ከብልቃጡ ስሌት ጋር ይመጣጠን እንደሆን። ሁለተኛ፣ ኬሞ የሚቆጠረው በተኝቶ ሕክምና ነው ወይስ በተመላላሽ? ታካሚዋ ወስዳ ወደ ቤቷ ስለምትሄድ በተመላላሽ ሊያዝ ይችላል፣ የተመላላሽ ጣሪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ሦስተኛ፣ ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም ይሸፈናል ወይ? ዓመት የሚፈጀው ሕክምና ሁለት የውል ዘመን ላይ ስለሚወድቅ መድን ሰጪ መቀየር ሕመሙን «የቆየ» ሊያስብለው ይችላል።

ሦስተኛው «የለም»፣ ያልተመዘገበ መድኃኒት፣ ልዩ የማስገቢያ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። በሻንጣ የመጣ መድኃኒት ሕጋዊ ደረሰኝ ስለማይኖረው ለመድን ጥያቄ አይሆንም፤ በመንገድ እንዴት እንደተያዘም የሚመሰክርለት የለም።

በሕጋዊ መንገድ ከአዲስ አበባ የተገዛም ቢሆን ትራስቱዙማብ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። በረዶ ባለበት ሳጥን ሲጫን ብልቃጡ በረዶውን እንዳይነካ በካርቶን ወይም በጨርቅ ይለይ፣ ፀሐይም አይንካው። በረዶ የነካው መስሎ ከታየ ፋርማሲስቱ ሳያየው አይበጥበጥ።