የአገራት ትምህርት በምን ይለካል? ከወሎ ሆኖ ሲታይ

የአገሮችን ትምህርት ማወዳደር ማለት ተማሪዎቻቸው ምን ያህል እንዳወቁና ውጤታቸው በዓመታት ውስጥ ወዴት እንደሄደ በአንድ መስፈሪያ ማየት ነው። በጣም የታወቀው ፒሳ የሚባለው ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ተጀመረ፤ የ15 ዓመት ልጆችን በንባብ፣ በሒሳብና በሳይንስ ይፈትናል። እስከ 2022ቱ ዙር ድረስ ኢትዮጵያ አልገባችበትም። ፊንላንድ በ2003 በሒሳብ 544 ነጥብ ነበራት፣ በ2022 ወደ 484 ወረደች። ቬትናም ደግሞ በ2012፣ ገና በመጀመሪያዋ፣ በሳይንስ 528 አምጥታ ስንቱን ሀብታም አገር አስከነዳች። ግን ያኔ ከአገሪቱ የ15 ዓመት ልጆች ብዙዎቹ ትምህርት ስላቋረጡ ፈተናው አላገኛቸውም። ስለዚህ ከውጤቱ በፊት ማን ተፈተነ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

እኛ ጋ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ የትምህርት ምዘና አለ። የ8ኛ ክፍል አማካይ ያኔ 41.1 በመቶ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. 35.6 ሆነ። ጥራቱ ወርዶ ነው የሚሉ አሉ። በነዚያ ዓመታት ትምህርት ቤት አይተው የማያውቁ ቤተሰቦች ልጆች በብዛት መግባታቸውም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

ከሁሉም ብዙ የተወራለት የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን ጀመሩ፣ ኩረጃው ተዘጋ። ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ከ2014 በፊት ያለውን ከዚህ ጋር ማወዳደር በፍጹም አይቻልም፣ ፈተናው ሌላ ነው። መሻሻሉም ቢሆን በጥንቃቄ ይነበብ፤ በ2015 ወደ 845 ሺህ ተፈትኖ በ2016 ወደ 675 ሺህ ወርዷል፣ በግጭቱ ምክንያት ከአማራ ክልል ሳይፈተን የቀረው ብዙ ነው።

ወሎ የትምህርት አገር ናት። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅ እስጢፋኖስን የሊቃውንት መፍለቂያ አደረጉት፤ ዳናና ጃማ ንጉሥ ደግሞ ደረሳው (የእስልምና ትምህርት ተማሪው) ከሩቅ የሚመጣባቸው የቂርአት፣ ማለት የእስልምና ትምህርት፣ ማዕከሎች ናቸው። ደሴ ላይ በእቴጌ መነን እናት ስም የተጠራው አንጋፋው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት አለ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም አልተረፈም። የነዚያን ዓመታት የወሎ ውጤት ከሌላው ጋር የሚያወዳድር ሰው ከመቶኛው ጎን ስንት ልጅ እንደተመዘገበ፣ ስንቱ እንደተፈተነና ስንት ወር እንደተማረ አብሮ ያስቀምጥ።