የአእምሮ ሕክምና ነርስነት ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ወጣ ሲሉ፣ ገፈርሳ ላይ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ማዕከል አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ሐኪሙ ታካሚዎቹን አይቶ ይሄዳል። ከእነሱ ጋር የምትውለውና የምታድረው ነርሷ ናት። ሙያው የወንድም የሴትም ነው፤ እዚህ ግን «ሲስተር» እያልኩ ልቀጥል።

ሲስተር በነርስነት ትምህርቷ ላይ የአእምሮ ሕመምን ለይታ የተማረች ባለሙያ ናት። መርፌ መውጋትና ክኒን ማደል ከሥራዋ ትንሹ ነው። ትልቁ ሥራዋ ማስተዋል ነው። ማታ ተኝቷል? በልቷል? ክኒኑን ዋጠው ወይስ ምላሱ ሥር ደበቀው? በድባቴ የከረመ ሰው ድንገት ረጋ ብሎ ልብሱንና ሰዓቱን ለሰው መስጠት ቢጀምር፣ ቤተሰብ «ተመስገን፣ ተሻለው» ይላል። እሷ ግን ትሰጋለች። ራሱን ለማጥፋት ቆርጦ ሊሆን ይችላላ! ስለዚህ ከአጠገቡ አትርቅም፣ በግልጽም ትጠይቀዋለች። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። እንዲያውም ብዙዎች የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ እፎይ ይላሉ።

ድሮ በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ሥራ ከዘበኝነት ብዙም አይለይም ነበር። በር መቆለፍ፣ ማሰር፣ መጠበቅ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ማክሊን በተባለው ሆስፒታል ለዚሁ ሙያ የነርሶች ማሠልጠኛ የተከፈተው በ1882 እ.ኤ.አ. ነው። ከቀደምቶቹ አንዷ ሊንዳ ሪቻርድስ በ1873 በአሜሪካ በነርስነት ተመረቀች። ጃፓን ድረስ ሄዳ ነርሶች አሠለጠነች። ከ1899 ጀምሮ ደግሞ እስከ ጡረታዋ ድረስ በአእምሮ ሆስፒታሎች የነርሶች ትምህርት ቤት ስታደራጅ ኖረች። አእምሮው የታመመ ሰው አካሉ ከታመመው ያነሰ እንክብካቤ ሊያገኝ አይገባም ብላ ታምን ነበር። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ዛሬም ገና አልደረስንበትም።

እኛ አገር ለረጅም ጊዜ የነበረው የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት አማኑኤል የሠለጠኑ ነርሶች በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተመድበው፣ ስፔሻሊስት በሌለበት መርምረው መድኃኒት ያዝዙ ነበር። የሚጥል በሽታ ያለበትንም የሚያዩት እነሱ ነበሩ። ውለታቸው በሚገባው ልክ ተነግሮላቸዋል ብዬ አላምንም።

ክትትል ላይ ደግሞ ሥራው ከቤተሰብ ጋር ነው። ልጃቸውን እንጦጦ ጸበል ሲያስጠምቁ የከረሙ እናት መጡ እንበል። ጥሩ ሲስተር አትቆጣቸውም። «እማማ፣ ጸበሉን ይቀጥሉ፤ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጡበት» ትላቸዋለች። እያወራች የልጁን እጅ ታያለች፤ ይንቀጠቀጣል? አረማመዱ ገትሯል? እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒት አንዳንዴ አንገት ያጣምማል። ቤተሰብ «በሽታው ባሰበት» ብሎ ይደነግጣል፣ ክኒኑንም ይጥላል። ግን የመድኃኒቱ ጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ማስታገሻም አለው። ይህን አስቀድማ ከነገረቻቸው እናትየው ክኒኑን ከመጣል ይልቅ ልጁን ቶሎ ይዘውት ይመጣሉ። ክሎርፕሮማዚን የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ከአልጋ ቀስ ብሎ እንዲነሳ ትመክረዋለች፤ ድንገት ብድግ ሲል ሊያዞረው ይችላል።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ታማሚ ካለ መጀመሪያ ቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ። በአእምሮ ጤና የሠለጠነ ባለሙያ ካለ እዚያው ክትትል ይጀመራል። ከሌለም ሪፈር አጽፉ።