ትንሽ ማሳ አይነጠቅም፦ በመሬት ክፍፍል ዙሪያ የሚነገሩ ስህተቶች

ባሕር ዳር ዙሪያ፣ ከዘንዘልማ እስከ መሸንቲ፣ አባወራ ሲያርፍ ከሐዘኑ ማግስት የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ መሬቱ እንዴት ይከፈል? ጠበቃ ነኝ፤ አብዛኛው የምይዘው ጉዳይም የገጠር መሬት ውርስ ነው። ያንኑ የተሳሳተ ወሬ መስማት ሰልችቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1997ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ጀምሮ፣ መሬት በውርስ ሲተላለፍ ከተወሰነ ልክ በታች እንዲቆራረጥ ሕጉ አይፈቅድም። ልኩን የሚያወጣው ክልሉ ነው። የመስኖ ማሳ ልክ ዝናብ ጠባቂ ከሆነው ያንሳል።

«ከልኩ ያነሰ መሬት መንግሥት ይወስደዋል»

አይወስድም። ሕጉ የሚከለክለው መቆራረጡን ነው። በእጃችሁ ያለ ትንሽ ማሳ ትንሽ በመሆኑ ብቻ አይነጠቅም። ይህን ስንቴ እንደተናገርኩ አላውቅም፤ አሁንም የሚያምነኝ ጥቂት ነው።

ፍርሃቱ ራሱ ነው ሰውን መሬት አልባ የሚያደርገው። የደንበኞቼን አንድ ጉዳይ ልጥቀስ። አባታቸው ሁለት ቃዳ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ገደማ መሬት ነበራቸው። «መዝገብ ላይ ከነካካነው ይወሰድብናል» ብለው ለአራት ልጆቻቸው በሽማግሌ ፊት በቃል አካፈሉ። ሲሞቱ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ «ለጊዜው» ተብሎ በታላቅየው ስም ዞረ። ዓመታት አለፉ፤ ከተማው ሰፋና መሬቱ ለልማት ተፈለገ። ካሳው የተከፈለው ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ለታላቅየው ብቻ ነው። ሦስቱ ቢሮዬ ሲመጡ ያላቸው ማስረጃ የሽማግሌ ቃል ነበር፤ ከሽማግሌዎቹም ሁለቱ አርፈዋል። ምን ላድርግላቸው?

መንገዱ እኮ ነበረ። ወራሾች መሬቱን ሳይቆርጡ በጋራ መያዝ ይችላሉ፤ የሁሉም ስም ይመዘገባል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። ወይም ተስማምተው መሬቱን ለአንዱ ይተዉና ሌሎቹ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ባሕር ዛፉን ይወስዳሉ። ሁለቱም መንገዶች ግን በጽሑፍ ይሁኑ።

«ሕጉ የወጣው ገበሬን ለማስቸገር ነው»

አይደለም። አንድ ቃዳ በአንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚታረስ ነው። ለአራት ስትቆርጡት ወሰኑና መተላለፊያው ስንቱን ይበላል? በሬው የት ይዞራል? የሚቀጥለው ትውልድስ ምኑን ይካፈላል?

«ሴት ልጅ ካገባች አትካፈልም»

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስም በመሬትም እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ክርክር የለውም።

«ከተማ ውስጥ 150 ካሬ ይፈቀዳል፣ እኔስ ማሳዬን ብቆርጥ?»

የከተማ ቦታ በሊዝ አዋጅ 721/2004 እና በከተማው ፕላን ይመራል። የእርሻ ማሳ በሌላ ሕግ ይገዛል። ማሳ ቆርጠው በውል ለቤት መሥሪያ የሚሸጡም አሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ የገዛችሁት ባዶ ወረቀት ነው። ሻጩ ዘመድ ቢሆንም፣ ሽማግሌ ቢፈርምበትም ያው ነው።

«አረንጓዴ ደብተር ካለኝ በቂ ነው»

የመጀመሪያው ደብተር ካርታ የለውም፤ ስፋቱም ብዙ ጊዜ በግምት የተጻፈ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ፣ ማለትም ማሳው ተለክቶ ካርታ የሚወጣለት ምዝገባ፣ በቀበሌያችሁ ሲካሄድ ማሳው ላይ ቁሙ፤ አዋሳኞቻችሁም ይገኙ። የባልና የሚስት ስም ሁለቱም መጻፉን እዩ። ወላጅ ካረፈ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡና ስሙን ሳትዘገዩ አዛውሩ። የጋራ ይዞታ ከሆነ የእያንዳንዱን ወራሽ ስም፣ የአባትና የአያት ስም ሳይቀር፣ አንድ በአንድ አንብባችሁ አረጋግጡ፤ ኮፒውንም ለእያንዳንዱ ወንድምና እህት ስጡ።