የኢንተርኔት መዘጋትና የደህንነት ተቋማት ተጠያቂነት በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ «ኔትወርክ የለም» ሲባል ነገሩ ከሦስት አንዱ ነው። መብራት ጠፍቶ የኔትወርክ ማማው ባትሪ አልቋል፤ ወይም የሞባይል ዳታ በትዕዛዝ ተቋርጧል፤ ወይም የተወሰኑ መተግበሪያዎች ብቻ ታግደዋል። የመጀመሪያው ብልሽት ነው። ሁለቱ ግን የሰው ውሳኔ ስለሆኑ የወሰነው አካል ሊጠየቅባቸው ይገባል። እስካሁን ግን ማን፣ መቼ፣ በየትኛው አንቀጽ እንዳዘዘ የሚያሳይ ወረቀት ለሕዝብ የመድረስ ልማድ የለም፤ የተጠያቂነቱም ክር የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ዳሰሳ መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነውን የአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ይመለከታል። ፍቼን መቀመጫው ያደረገው የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ ሌላ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ምን እንደተዘጋ መለየት

ማማው ኃይል ሲያጣ የስልኩ ምልክት ራሱ ይጠፋል፤ መደወልም አይቻልም። ዳታ በትዕዛዝ ሲቋረጥ ግን ምልክቱ ሙሉ እንደሆነ ይቆያል። ጥሪም አጭር መልእክትም ይሠራል፣ *127# ሲደወል የቴሌብር ዝርዝር ይመጣል፤ ማንኛውም ገጽ ግን አይከፈትም። ጥሪና ዩኤስኤስዲ (እንደ *127# ያለው በኮድ የሚደወል አገልግሎት) የሚሄዱበት መንገድ ከዳታው የተለየ በመሆኑ አንዱን ዘግቶ ሌላውን መተው ይቻላል። በፋይበር የሚመጣውን መደበኛ መስመርም እንዲሁ ለይቶ ክፍት መተው ስለሚቻል፣ ዋይፋይ ያለው መሥሪያ ቤት እየሠራ ከደጁ የቆመው ሰው ስልክ ዝም ሊል ይችላል።

መተግበሪያ ብቻ ሲታገድ ሁኔታው ሌላ ነው። ጉግል ይከፈታል፣ ቴሌግራም ግን «በመገናኘት ላይ» እያለ ይቀራል። ማጣሪያው ስልኩ የጠየቀውን የድረ ገጽ ስም አንብቦ ግንኙነቱን ይቆርጣል። ቪፒኤን፣ ማለትም ግንኙነቱን በሌላ ቦታ በኩል ደብቆ የሚያሳልፍ መተግበሪያ፣ ያንን ስም ስለሚሸፍን ያልፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ዳታ ከነአካቴው ሲቋረጥም ቪፒኤን ይረዳኛል ብሎ ሲያስብ ነው፤ መንገዱ ራሱ ሲዘጋ ቪፒኤን የሚሄድበት የለውም። ምንጩ ያልታወቀ ነፃ ቪፒኤን ደግሞ የተጠቃሚውን መረጃ ራሱ ሊሰበስብ ይችላል።

ክልልን ለይቶ ሲዘጋ ሌላ ነገር ይታያል። ማማ የወረዳ ወሰን አይጠብቅም። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በ130 ኪሎ ሜትሩ መንገድ የሚጓዝ ሰው ጫጫን አልፎ ወደ ሸኖ ሲቃረብ የኦሮሚያውን ማማ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ዳታው የተመለሰበትን ቦታ ስም መመዝገብ፣ መቋረጡ ብልሽት ሳይሆን ወሰን ተከትሎ የተሰጠ ትዕዛዝ መሆኑን ከሚያሳዩ ጠንካራ ምልክቶች አንዱ ነው።

ከዚህ በፊት የተዘጋባቸው ጊዜያት

በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ ከወጣ በኋላ በፈተና ሰሞን መዝጋት እየተለመደ መጣ። በ2009 መግቢያ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሞባይል ዳታን ለሳምንታት አስቀረ። በሰኔ 2010 መንግሥት 264 ድረ ገጾችን መክፈቱን አስታወቀ። ተስፋው ብዙ አልቆየም፤ ከሰኔ 15 ቀን 2011 ግድያዎች በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። በ2012 ሰኔ መጨረሻም ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ገደማ እንዲሁ ሆነ። ትግራይ ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ከግንኙነት ውጭ ቆየች።

በየካቲት 2015 በቤተ ክህነት ውስጥ በተነሳው አለመግባባት ሳቢያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለአምስት ወር ገደማ ታገዱ። በዚያን ጊዜ የታወጀ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አልነበረም። ሰሜን ሸዋን ከሁሉም በላይ የነካው ግን የሐምሌ 2015ቱ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሐምሌ 28 ታወጀ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጦ ከ2016 ክረምት ጀምሮ ቀስ በቀስ ተለቀቀ። አዋጁ በመጀመሪያ ለስድስት ወር፣ በኋላም ለተጨማሪ አራት ወር የጸና ነበር።

በዞኑ ይህ ማለት የአረርቲ የጤፍ ነጋዴና የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት አምራች የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ ጥሪ ብቻ እንዲጠይቁ መገደድ ማለት ነው። ክፍያው በቴሌብር *127# እና በንግድ ባንክ *889# ቢቀጥልም፣ ከፋዩ የመተግበሪያ ደረሰኝ ማሳየት ስለማይችል ነገሩ ሁሉ በአጭር መልእክት ላይ ወደቀ። አጭር መልእክት ደግሞ አስመስሎ መጻፍ ቀላል ነው። ሻጭ የሌላ ሰው ስልክ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይቶ ዕቃ ከማስጫን፣ በራሱ ስልክ ቀሪ ሂሳቡን አረጋግጦ ማስረከብ አለበት።

ሕጉ ምን ይላል

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የመልእክት ልውውጥን፣ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን ይጠብቃል። በአንቀጽ 93 መሠረት በአስቸኳይ ጊዜም ሊነኩ የማይችሉት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2 ብቻ ናቸው። ስለዚህ 26 እና 29 በአዋጅ ሊገደቡ ይችላሉ። ገደቡ ግን በር አለው፦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ቀርቦለት መጽደቅ አለበት፤ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም የታሰሩትን ስምና ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። አዋጅ በሌለበት ጊዜ መዝጋት ከነዚህ በሮች በአንዱም አላለፈም። የየካቲት 2015ቱን እገዳ የሚያከፋውም ይህ ነው።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን እንዲያነሱ ያዛል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። አዋጁ አንድን ይዘት ወይም አንድን ሰው የሚመለከት እንጂ የአንድ ክልልን ዳታ ለመቁረጥ የተጻፈ አይደለም።

ማን ያዳምጣል፣ ማን ይቆጣጠራል

ሕዝቡ በአንድ ስም «ደህንነት» ይላቸዋል እንጂ ተቋማቱ ሁለት ናቸው። የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት በአዋጅ ቁጥር 804/2005፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 808/2006 እንደገና ተቋቁመዋል። በ2011 ሁለቱም ለሰላም ሚኒስቴር ተጠሪ ሆነው ነበር፤ የመረጃና ደህንነት አገልግሎቱ በኋላ ተመልሶ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆነ።

የሰውን የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነት መጥለፍ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይፈልጋል። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አስቸኳይ ሲሆን የፍትሕ ሚኒስትሩ ያለ ትዕዛዝ መፍቀድ ይችላል፤ ምክንያቱን ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ አለበት። ጉድለቱ ከዚያ በኋላ ነው። የተጠለፈው ሰው ምርመራው ሲያበቃም እንዲነገረው የሚያስገድድ አንቀጽ ስለሌለ፣ መብቱ መጣሱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ያላወቀ ደግሞ አይከስም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2006 እንደመዘገበው፣ የታሰሩ ሰዎች መጠለፋቸውን ያወቁት መርማሪ የገዛ ስልክ ንግግራቸውን ሲያሰማቸው ነበር።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ሆኖም የደህንነት ኃላፊዎች በብዛት ለፍርድ የቀረቡት በዚህ ክትትል ሳይሆን በፖለቲካ ለውጥ ነው፤ ኅዳር 3 ቀን 2011 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በአዲስ አበባ ሰባት ስውር ማሰሪያ ቤቶች መገኘታቸውን ሲያስታውቁ ነገሩ ዓመታት አልፎት ነበር። በ2015ቱ አዋጅ ደግሞ ኮማንድ ፖስቱን ያስተባበሩት የዚያን ጊዜው የመረጃና ደህንነት አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር አቶ ተመስገን ጥሩነህ ነበሩ። መረጃ የሚሰበስበውና ገደቡን የሚያስፈጽመው በአንድ ኃላፊ ሥር ሲሆን፣ አንዱ ሌላውን የሚያይበት ዓይን ይጠፋል።

አቤቱታ ለማቅረብ

መጀመሪያ መዝገብ ያስፈልጋል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቀበሌ፣ የትኛው ኔትወርክ፣ ምን ሠራ፣ ምን እምቢ አለ። በኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች መስመር 994 ደውሎ የሚገኘው የቃል መልስ ማስረጃ አይሆንም፤ ጥያቄው በጽሑፍ ገብቶ ገቢ የሆነበት ማኅተም ሊያዝ ይገባል። ቀጣዩ በር በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ትዕዛዙን ማን እንደሰጠ ለማወቅ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የመረጃ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። «ብሔራዊ ደህንነት» ተብሎ ከተከለከለ ክልከላውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ተቀብሎ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም መውሰድ ነው። ያ የክልከላ ደብዳቤ ዋጋው ትልቅ ነው፤ በጉዳዩ ላይ ስምና ፊርማ ያለበት የመጀመሪያው ወረቀት እሱ ሊሆን ይችላልና።

ጊዜም ወሳኝ ነው። አዋጅ 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ (ግንኙነቱ መቼና ከየት ወደ የት እንደሄደ የሚያሳየውን መዝገብ) ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል፤ ከዚያ በኋላ መዝገቡ ላይገኝ ይችላል። የ30 ቀን ጥቅል ገዝቶ በማግሥቱ ዳታ የተቋረጠበት ሰው የግዢውን አጭር መልእክት ካላጠፋ፣ ቀኑና የገንዘቡ ልክ የተጻፈበት ማስረጃ በራሱ ስልክ ውስጥ አለ።