የቻይና መኪና፣ የሐረጎ ዳገትና ሌሎች የተሳሳቱ ወሬዎች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሁለት ሰው ቡና ይዞ ከተቀመጠ ወሬው መኪና ላይ መድረሱ አይቀርም። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ባሰ። እቁብ የደረሰው «ኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ ወይ? የቻይናውስ ይሆናል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ልጁ ከዓረብ አገር ብር የላከለትም ይጠይቃል። የሚሰጠው መልስ ግን ብዙ ጊዜ የዛሬ 20 ዓመት መልስ ነው። የሰው የዕድሜ ልክ ጥሪት የሚፈስበት ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«የቻይና መኪና ቅጂ ነው፣ ዓመት አይቆይም»

በአንድ ወቅት እውነትነት ነበረው። ግን ይህንኑ ነገር ሰው ስለ ጃፓንም ይል ነበር። ቶዮታ በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ የላከው ቶዮፔት ክራውን የአውራ ጎዳናውን ፍጥነት አልቻለም፤ እየጋለ አስቸገረና ሽያጩ ተቋረጠ። ኩባንያው ተመልሶ ሠራው፣ አሻሻለው። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲሰቀል ነዳጅ ቆጣቢዎቹ የጃፓን መኪኖች ተፈላጊ ሆኑ፣ በ1980 ደግሞ ጃፓን በመኪና ምርት አሜሪካን በለጠች። ዛሬ «ቶዮታ አይሞትም» የምንለው ያን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ቻይና የመጣችበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ጀርመንና ጃፓን መቶ ዓመት ያህል የተራቀቁበትን የነዳጅ ሞተር ተከትሎ መድረስ ከባድ ነበር። ስለዚህ በባትሪ በኩል ገባች። ቢዋይዲ የተባለው የቻይና ኩባንያ በ1995 ሼንዘን ከተማ ላይ ሲቋቋም ባትሪ አምራች ነበር፣ የሞባይል ባትሪም ይሠራ ነበር። መኪና ውስጥ የገባው በ2003 ነው። በ2022 በነዳጅ ብቻ የሚሄድ መኪና መሥራት አቆመ፣ በ2025 ደግሞ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ በሚሄዱ መኪኖች ሽያጭ የአሜሪካውን ቴስላን ቀደመ። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ከፍተኛውን ወጪ የሚይዘው ባትሪው ነው፤ ባትሪውን ራሱ የሚሠራ ኩባንያ ዋጋ መቀነስ ይችላል፣ ከሌላ የሚገዛው ግን ያን ያህል አይችልም። የፉክክሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ቻይና በ2023 ጃፓንን አልፋ የዓለም ትልቋ መኪና ላኪ የሆነችው በዚህ ብቻ አይደለም፣ ብዙ የነዳጅ መኪናም ትልካለች፤ ግን ስሟን የቀየረው ባትሪው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የቮልቮ የቤት መኪና አምራች ከ2010 ጀምሮ በቻይናው ጂሊ እጅ ነው። ኤምጂም የእንግሊዝ ስም ይዞ የቻይናው ሳይክ ኩባንያ ንብረት ነው። በ2023 ቮልስዋገን ከቻይናው ኤክስፔንግ ድርሻ ገዛ፣ የፔጆና የፊያት ባለቤት የሆነው ስቴላንቲስም ከሌላው የቻይና አምራች ከሊፕሞተር ገዛ። ድሮ ቻይና ከአውሮፓ ትማር ነበር፣ አሁን አውሮፓ ገንዘብ ከፍሎ ከቻይና እየተማረ ነው። አገራችን ውስጥ «የጀርመን ነው» ተብሎ የሚሸጠው የቮልስዋገን አይዲ 6 ራሱ ለቻይና ገበያ ተብሎ እዚያው ቻይና የተገጣጠመ ነው። ጀርመን ውስጥ በመደበኛነት አይሸጥም።

«ኤሌክትሪክ መኪና የቴስላ ፈጠራ ነው»

አይደለም። በ1899 ካሚል ዠናትዚ የተባለ ቤልጂየማዊ በኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቷል። በኋላ የፎርድ ርካሽ የቤንዚን መኪና ገበያውን ጠቀለለው። ቴስላም ቢሆን በ2003 የተቋቋመው በሌሎች ሰዎች ነው፤ ኢሎን ማስክ የገባው በ2004 ነው።

«ባትሪ የሐረጎን ዳገት አይችልም»

ይህን የምሰማው እኛው ጋ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ነው፤ የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት 600 ሜትር ገደማ ነው። የነዳጅ ሞተር ለማቃጠል አየር ይፈልጋል፣ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ለመሥራት አየር አይፈልግም፤ ኮምቦልቻ ላይ ያለው ጉልበት ደሴም ላይ አለ። ሙሉ ጉልበቱንም ከቆመበት ሲነሳ ጀምሮ ይሰጣል፤ ከአይሱዙ ኋላ ተቀርቅሮ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ለሱ ምንም አይደለም።

ሒሳቡም ቀላል ነው። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ከፍታ ለመውጣት፣ ለከፍታው ብቻ፣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ ይህ ከሃያ አንድ እጅ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየሠራ መኪናውን ይይዛል፣ ከበላውም ጥሩ ድርሻ ለባትሪው ይመልሳል።

ግን ልብ በሉ! ደሴ ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልታችሁ ወዲያው ሐረጎን ከወረዳችሁ የሚመለሰው ኃይል የሚገባበት ቦታ የለም። መኪናው በሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። 80 ወይም 85 በመቶ ላይ አቁማችሁ ውረዱ። የሚያሳስበው ዳገቱ ሳይሆን ርቀቱ ነው፤ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የጣርማ በር ትልቅ ዳገትም መንገድ ላይ አለ። የት ቻርጅ እንደምታደርጉ ሳታጣሩ አትነሱ።

«ቶዮታ አበቃለት»

ቶዮታ በ2024 ከእህት ኩባንያዎቹ ጋር ከ10 ሚሊዮን በላይ መኪና ሸጧል፣ ዓለም ላይ አንደኛው ነው። ከ1997 ጀምሮ ፕሪየስን ይዞ በነዳጅና በኤሌክትሪክ ጥምር የሚሄድ መኪና ላይ ሠርቷል፣ አሁንም በዚያ እየተጠቀመ ነው። የተቸገረው ሌላው ነው፦ ቮልስዋገን በ2024 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ እስከ 2030 ከ35,000 በላይ የሥራ ቦታ ለመቀነስ ተስማማ፣ ሆንዳና ኒሳን ለመዋሃድ ጀምረውት የነበረው ንግግር በ2025 ፈረሰ።

«ቻይና አሸንፋለች፣ ስለዚህ የትኛውንም የቻይና ብንገዛ አንጎዳም»

ይህኛው ከሁሉም የበለጠ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ስህተት ያስተካከለ ሰው ዘሎ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ቻይና ውስጥ ያለው የዋጋ ጦርነት ኩባንያ ይበላል። ደብልዩኤም ሞተር በ2023 ኪሳራ አወጀ። ሃይፋይ በ2024 ምርት አቆመ። «ኔታ» የተባለውን መኪና የሚሠራው ኩባንያም በ2025 የኪሳራ ሒደት ውስጥ ገባ። ኩባንያው ሲዘጋ የሶፍትዌር ማሻሻያው ይቆማል፣ መለዋወጫውም ቀስ በቀስ ይጠፋል። ወንድሜ፣ በስክሪኑ ትልቀት አትታለል። ከመግዛትህ በፊት አምራቹ ማን እንደሆነና የዚያ መኪና የፊት መብራትና መከላከያ አዲስ አበባ ላይ በስንት እንደሚሸጥ ጠይቅ።

«ባትሪው ሁለት ዓመት ነው፣ ከዚያ ሬሳ ነው»

ብዙ አምራቾች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፣ በሁለት ዓመት የሚሞት ቢሆን አይሰጡም ነበር። ችግሩ ዋስትናው በአብዛኛው የሚሠራው መኪናው መጀመሪያ በተሸጠበት አገር መሆኑ ነው። በነጋዴ በኩል ከመጣ በአምራቹ ዋስትና አትመኩ። ያገለገለ ከሆነ የባትሪው ጤና በመመርመሪያ መሣሪያ ይታይ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የመቶኛ ቁጥር ያን ቀን ያለውን ቻርጅ እንጂ ጤናውን አያሳይም።

«ሜካኒኮች ሥራ ይፈታሉ»

ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ የሞተር ዘይት ይቀራሉ፣ እውነት ነው። ኩሽኔታ፣ ፍሬን፣ ጎማና የመሪ ክፍሎች ግን አሉ፤ መኪናው በባትሪው ስለሚከብድ ጎማ ቶሎ ይበላል። መንገዳችንም የታወቀ ነው። የሚቀየረው የሙያው አደጋ ነው። ብዙዎቹ መኪኖች 400 ቮልት ገደማ ይሸከማሉ፣ ይህ ደግሞ ሰውን የሚገድል ኃይል ነው። ብርቱካናማ የሆኑት ወፍራም ገመዶች ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍባቸው ናቸው። ያልሠለጠነ እጅ አይንካቸው። የሠለጠነውም ቢሆን የመከላከያ ጓንት አድርጎ፣ ማቋረጫውን ነቅሎ፣ አምራቹ የሚያዘውን ደቂቃ ጠብቆ፣ ኃይል አለመኖሩን በመሣሪያ ለክቶ ነው የሚጀምረው። ጋራዥ ያላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ ለዚህ ሥልጠና አሁኑኑ ብር መድቡ።